የልምምድ ጓደኛና የውድድር ቀን

በተማሪዎች መካከል የስፖርት ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ነው፤ ስለ ትራያትሎን የሚናገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ትራያትሎን ምን እንደ ሆነ፥ ይልቁንም አብሮን የሚለማመድ ጓደኛ እስከ ምን ድረስ ሊረዳን እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ትራያትሎን ምንድን ነው?

ትራያትሎን ዋና፥ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚደረጉበት ውድድር ነው። ከውሃ ወጥቶ ብስክሌት ለማንሣት፥ ከብስክሌትም ወርዶ የሩጫ ጫማ ለማሰር የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ ከተወዳዳሪው ሰዓት ላይ ይቆጠራል። በዚህ ስም የመጀመሪያው ውድድር በሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 በአሜሪካ በሳን ዲየጎ ከተማ ተደርጎ 46 ሰዎች ተካፍለውበታል። በኦሊምፒክ ጨዋታ ውስጥ የገባው በ2000 በሲድኒ ነው። የኦሊምፒኩ ርቀት 1,500 ሜትር ዋና፥ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ለጀማሪ የሚስማማው ግን የዚህ ግማሽ ሲሆን፥ እርሱም 750 ሜትር፥ 20 ኪሎ ሜትርና 5 ኪሎ ሜትር ነው።

2ኛ/ ጓደኛ ለምን ያስፈልጋል?

ከሁሉ በፊት ለሕይወት ነው። በሐይቅ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ ሰው ጡንቻው ቢጨመትርበት ወይም ውሃ ቢያንቀው የሚያየው የለም። በገንዳ ውስጥ በርትቶ የሚዋኝ እንኳ ሐይቅ ሲገባ ከታች የተሠመረ መስመር ስለሌለው በየጊዜው ቀና እያለ አቅጣጫውን መመልከት አለበት። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ እየመሩ ቢዋኙ ይህን ልምድ በቶሎ ያገኛሉ። ከኋላ ሆኖ የመሪውን እግር ተጠግቶ የሚዋኝ ሰው ድካሙ ስለሚቀልለት ደካማው ከብርቱው ጋር ሊቈይ ይችላል። በአገራችን ሐይቆች ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ግን ውሃው ከቢልሃርዝያ የነጻ መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

በብስክሌትም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። የብስክሌተኛ ትልቁ ጠላት ነፋስ ነው። ከሌላው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ከኀይሉ ሩቡን፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሲሶው ድረስ ይቈጥባል። ስለሆነም ሁለቱ በየተራ እየመሩ ብቻቸውን ከሚችሉት በላይ ርቀው ለመሄድ ይችላሉ።

ወደ ሩጫው ስንመጣ ሌላ አገር ድረስ ሄደን ምሳሌ መፈለግ የለብንም። የእንጦጦን ጫካ በማለዳ ያየ ሰው የአገራችን ሯጮች ተሰልፈው፥ አንዱ ያንዱን እግር እየተከተለ ሲሮጡ ተመልክቷል። የፊተኛው ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ የኋለኛው ስለ ፍጥነቱ ማሰቡን ትቶ እግሩን ብቻ ይከተላል። ለትራያትሎን ተወዳዳሪ ደግሞ ከዚህ የተለየ አንድ ልምምድ አለ። ይኸውም ከብስክሌት እንደ ወረዱ ወዲያው መሮጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግር እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ሰውየውም የሚሮጥ አይመስለውም። ይህን ስሜት ከጓደኛ ጋር ደጋግሞ የቀመሰ ሰው በውድድር ቀን አይደነግጥም።

3ኛ/ ጓደኛ የሚጐዳበት ጊዜ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮ መለማመድ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ሁለት ወጣቶች ጐን ለጐን ሲሮጡ አንደኛው ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፤ ሁለተኛው ይህን ላለመቀበል ይፈጥናል፤ የዕረፍት ሩጫ የተባለውም ሳይታወቅ ውድድር ሆኖ ያልቃል። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ሲያልፉ ብርቱው ሳይሻሻል ይቀራል፤ ደካማውም ጉልበቱን ወይም ቋንጃውን ታምሞ ይተኛል።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። በቀላሉ ልምምድ ቀን ደካማው ይምራ፤ በከባዱ ቀን ብርቱው ይምራ። ቀላል ልምምድ ማለትም አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይቈራረጥ ለመናገር የሚያስችል ነው። ጓደኛህ ስለ ትናንቱ ትምህርት ብትጠይቀው በአንድ ቃል ብቻ የሚመልስልህ ከሆነ ፍጥነቱ በዝቶበታልና ቀንስለት።

4ኛ/ በውድድር ቀን የሚፈቀደውና የማይፈቀደው

እኛ ተማሪዎች በአንድነት ማጥናትና በአንድነት መፈተን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናውቃለን። ከፈተናው በፊት በነበረው ሌሊት ማስታወሻውን ያዋሰ ሰው ይመሰገናል፤ በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ወረቀቱን ያሳየ ግን ይቀጣል። የትራያትሎንም ሕግ ይህን ይመስላል። ለአማተሮች በሚደረጉት በአብዛኞቹ ውድድሮች በብስክሌት ከሌላው ኋላ መጠለል ክልክል ነው። በሁለቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 12 ሜትር ርቀት መጠበቅ አለበት። በልምምድ ጊዜ የጓደኛውን ጀርባ ብቻ የለመደ ሰው በዚህ ጊዜ ነፋሱን ብቻውን ይጋፈጣል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ተራርቆ መንዳት ያስፈልጋል።

ሕጉ ምን ያህል ከባድ ጥያቄ እንደሚያስከትል ሁለት ታሪኮች ያስረዱናል። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2016 በሜክሲኮ በኮዙሜል በተደረገው የዓለም ተከታታይ ውድድር መዝጊያ ላይ፥ እንግሊዛዊው ጆኒ ብራውንሊ እየመራ ሳለ በሙቀቱ ምክንያት ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ መንገዳገድ ጀመረ። ከኋላ ይመጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙና የልምምድ ጓደኛው አሊስተር የራሱን ድል ትቶ ደግፎ ወሰደው፤ በመጨረሻውም መስመር ላይ ገፍትሮ አስቀደመው። ያን ቀን ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ሄንሪ ሹማን ነበር። ጆኒ 2ኛ፥ አሊስተር 3ኛ ሆኑ። በዚያ ጊዜ ሕጉ ይህን ስላልከለከለ ውጤታቸው ጸና፤ ኋላ ግን ሕጉ ተለውጦ አንድ ተወዳዳሪ ሌላውን ደግፎ ወደ ፊት እንዳያራምድ ተከለከለ።

ሁለተኛው ታሪክ በኦገስት 15 ቀን 2019 በቶኪዮ የሆነው ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ይለማመዱ የነበሩት ጄሲካ ሊርመንትና ጆርጂያ ቴይለር ብራውን ከሌሎቹ ቀድመው እጅ ለእጅ ተያይዘው መስመሩን አለፉ። ዳኞቹም ሆን ተብሎ የተደረገ እኩል አገባብ ነው ብለው ሁለቱንም ከውጤት ሠረዙአቸው፤ አንደኛነቱም ለቤርሙዳዋ ፍሎራ ደፊ ሆነ።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ታሪክ ሲሰማ ያለቅሳል፤ ሁለተኛውን ሲሰማ በዳኞቹ ይቈጣል። እኔ ግን ሕጉ ትክክል ነው እላለሁ። ምክንያቱም ጓደኛ የሌለው ተወዳዳሪም እዚያው መስመር ላይ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ውጤቱን ከወሰኑት ብቻውን የመጣው ሰው ከማን ጋር ነው የተወዳደረው? የወደቀን ሰው ማንሣት፥ ሐኪምም መጥራት ሰብአዊ ግዴታ ነው፤ ደረጃ ይዞለት መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአገራችንንም ታሪክ እንመልከት። በ2004 በአቴንስ በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ሕመም የነበረበትን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ወደ ኋላ እየተመለከቱ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ሊከተላቸው እንዳልቻለ ባዩ ጊዜ ግን ሄዱ፤ ቀነኒሳ 1ኛ፥ ስለሺ 2ኛ፥ ኃይሌም 5ኛ ሆነው ፈጸሙ። አክብሮታቸውን አሳዩ፤ ውድድሩን ግን ውድድር ከመሆን አላስቀሩትም።

5ኛ/ አስቀድሞ ስለ መስማማት

እንግዲህ አብረው የሚወዳደሩ ጓደኞች ከውድድሩ ቀን በፊት ሦስት ነገሮች መነጋገር አለባቸው። አንደኛ፥ አንዱ ቢደክም ሌላው ይቆማል ወይስ ያልፋል? ሁለተኛ፥ የአንዱ ጎማ ቢተነፍስ ሕጉ እስከ ፈቀደ ድረስ ካላማዳሪና መንፊያ ማን ይይዛል? ሦስተኛ፥ ቀድሞ የገባው ሌላውን የት ይጠብቀዋል?

እኔና የልምምድ ጓደኛዬ በአንድ ሐይቅ ዳር በተደረገ አጭር ውድድር ስንገባ፥ ጤና እስካለ ድረስ ማንም ማንንም እንዳይጠብቅ ተስማምተን ነበር። እርሱ በዋና ስለሚበልጠኝ ብዙ ቀደመኝ፤ እኔም በሩጫው በሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደረስሁበት። አብሬው ጥቂት ለመቈየት ልቤ ፈልጎ ነበር፤ እርሱ ግን ሳይናገር በእጁ ወደ ፊት አመለከተኝ፤ አለፍሁም። በስምንት ወራት ልምምድ እንደዚያች የእጅ ምልክት ያከበረኝ ነገር የለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ የጠቀስኋቸው ሊርመንትና ቴይለር ብራውን፥ ጆኒ ብራውንሊም ጭምር፥ በጁላይ 31 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በመጀመሪያው የወንዶችና የሴቶች ድብልቅ ዱላ ቅብብል ከአሌክስ ዪ ጋር ሆነው ወርቅ አግኝተዋል። እዚያ እያንዳንዱ 300 ሜትር ዋኝቶ፥ 6.8 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሄዶ፥ 2 ኪሎ ሜትር ሮጦ ተራውን ለባልደረባው ያስረክባል። በአንድነት ለማሸነፍ የሚሻ ሁሉ ሕጉ የፈቀደለት ውድድር እንግዲህ አለለት። በእኛም መካከል ሁለት ሁለት ሆኖ ልምምድ ለመጀመር የሚፈልግ፥ ወይም ስለ ኮዙሜሉ ነገር ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያለው ተማሪ ቢኖር፥ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።