«አስፒሪን ለሴት አይሠራም» የተባለው ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ግራ እጄ ዝሎ አንደበቴ ተሳስሮ ነበር፤ ሰዓት ሳይሞላው ለቀቀኝ። ሐኪሜ «የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው» ብሎ በየቀኑ የምወስደው አስፒሪን አዘዘልኝ። የእህቴ ልጅ ግን «አስፒሪን ለወንድ እንጂ ለሴት እንደማይሠራ በጥናት ተረጋግጧል» ብሎ ከስልኩ አነበበልኝ። ክኒኑን ትቼ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር እየወሰድኩ ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ አይደሉም፤ እሰጋልዎታለሁም። ነገ ጠዋት ሐኪምዎ ጋ ይሂዱና ማቆምዎን ሳይደብቁ ይንገሩት።

የእህትዎ ልጅ አልዋሸም፤ ጥናቱ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ካናዳ ውስጥ የእርስዎ ዓይነት ምልክት የታየባቸው 585 ሰዎች በዕጣ ተደልድለው መድኃኒት ተሰጣቸው። አስፒሪን በጠቅላላው ስትሮክንና ሞትን በ31 በመቶ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን በጾታ ሲለዩት ቅነሳው ለወንዶች 48 በመቶ ሆነ፤ በቁጥር አነስ ባሉት ሴቶች ላይ ግን ጥቅም አልታየም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1980 አስፒሪንን ለዚህ ሕመም ሲፈቅድ ለወንዶች ብቻ ፈቀደ። ሴቶች እስኪጨመሩ 1998 ደረሰ። የብዙ ሙከራዎች ውጤት አንድ ላይ ሲታይ አስፒሪን ሴቶችንም እንደ ወንዶቹ ይጠብቃል። በእነዚያ ዓመታት መድኃኒቱን የተነፈጉትን ሴቶች ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ችግሩ ያለው መከፋፈሉ ላይ ነው። ሳንቲም መቶ ጊዜ ወርውረው ውጤቱን አምስት አምስት አድርገው ቢደረድሩት፣ አንዱ ረድፍ ላይ አምስቱም ጎፈር ቢሆን አይግረምዎ። የሕክምና ሙከራም የታካሚዎቹ ቁጥር የሚወሰነው አንድን ዋና ጥያቄ እንዲመልስ ተደርጎ ነው። በጾታ፣ በዕድሜ፣ በስኳር ሕመም እያሉ ሲቆራርጡት እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ይሆናል፤ አጋጣሚም እውነት መስሎ ይታያል። በማይጠቅም መድኃኒት ላይ እንኳ ሃያ የተለያዩ ንዑስ ቡድኖችን ቢፈትሹ ቢያንስ አንዱ «ልዩነት አለ» የማለት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው።

በ1988 ይህን በግልጽ ያሳዩ ተመራማሪዎች ነበሩ። አይሲስ-2 በተባለው ሙከራ የልብ ደም ሥራቸው ድንገት የተዘጋባቸው 17,187 ሰዎች ተሳትፈው፣ አስፒሪን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ። የላንሴት መጽሔት አዘጋጆች ውጤቱ በንዑስ ቡድን ተለይቶ እንዲቀርብ ሲጠይቁ፣ ተመራማሪዎቹ ታካሚዎቹን በተወለዱበት ኮከብም ለዩ። ገውዝና ሚዛን የሆኑትን አስፒሪን የጎዳቸው መሰለ፤ የቀሩት ዐሥር ኮከቦች በጣም ተጠቀሙ! ኮከብ ተቆጥሮ አስፒሪን እንደማይከለከል ሁላችንም እናውቃለን። «ለሴት አይሠራም» ሲባል ግን ሳይንስ ስለሚመስል እናምናለን።

ታዲያ ንዑስ ቡድን ሁሉ ውሸት ነው ወይ? አይደለም። ጥያቄው ሙከራው ሳይጀመር ተጽፎ ከነበረ፣ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ በስሌት ከተፈተነ፣ ሌላ ሙከራም ከደገመው ቁም ነገር አለው። መደገሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት አምሎዲፒን የተባለውን መድኃኒት እንይ። በ1996 በወጣ የልብ ድካም ጥናት፣ ሕመማቸው ከልብ ደም ሥር መጥበብ ያልመጣ ታካሚዎችን ከሞት የሚያድን መሰለ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ታካሚዎች ብቻ ይዘው እንደገና ሲሞክሩ ጥቅሙ ጠፋ። (ለደም ግፊት አምሎዲፒን የምትወስዱ፣ ይህ እናንተን አይመለከትምና እንዳታቆሙ።)

ነጭ ሽንኩርቱን በወጥዎ ይብሉ። የአስፒሪንን ቦታ ግን አይተካም።

በጣም የሚያስጨንቀኝ ዝምታዎ ነው። ለሐኪምዎ ሳይነግሩ ወራት አልፈዋል። ታካሚዎቼም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አንድ ዜና ይሰማሉ፣ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ለቀጠሮ ሲመጡ «እየወሰድኩ ነው» ይሉኛል። እኔም ያልተወሰደ መድኃኒት አልሠራ ብሎኛል ብዬ ሌላ እጨምራለሁ። እባክዎ፣ ያነበበልዎትን ልጅ ይዘውት ይምጡ፤ ስልኩንም ያሳየን፤ አብረን እናነባለን። ደስ ይለኛል እንጂ አልቆጣም።

ጨጓራዎን ካቃጠለዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጤነኛ ጎረቤትዎም ከእርስዎ ብልቃጥ አትዋስ፤ አስፒሪን ያደማልና የእሷ ሚዛን ሌላ ነው።

ፊትዎ ከተጣመመ፣ እጅዎ ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተሳሰረ «ባለፈው በራሱ ለቆኛል» ብለው እንዳይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰው በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ምልክቱ የጀመረበትንም ሰዓት ይንገሩ።