ቆላ ሲወርዱ የሚደክም ኤሲ

ጥያቄ፦ ከመቀሌ ቱሪስት ይዤ ዳሎል የምመላለስ ሾፌር ነኝ። የላንድክሩዘሬ ኤሲ ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ ዳሎል አካባቢ ያለችው ሐመድ ኤላ መንደር ስደርስ ግን፣ በተለይ ስቆም፣ ሙቅ አየር ይነፋል። ጋዝ ላስሞላ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አያስሞሉ። መጀመሪያ ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር ይመልከቱ። ኤሲ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ሰብስቦ በኮንደንሰሩ በኩል ወደ ውጭ ይጥላል። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ቀዝቃዛ ነው፤ የኤሲው ድክመት አይታወቅም። ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ሲወርዱ፣ የውጩ አየር ራሱ ግሏል። በአቧራና በጨው የተደፈነ ኮንደንሰር ያኔ ሙቀቱን መጣል ያቅተዋል። ሲነዱ ንፋሱ ያግዘዋል፤ ሲቆሙ ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ፋኑ አየር በደንብ መሳቡንም ያስፈትሹ።

ከየጉዞው በኋላ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ ኮንደንሰሩን በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ያጥቡት። ከፍተኛ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣምማል፤ ጨው ደግሞ ከቆየ አልሙኒየሙን ይበላል።

ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። ከመጠን በላይ ከተሞላም ኤሲው ይብሱን ይደክማል፣ ኮምፕሬሰሩም ይጎዳል።