ለታመመች ኤሊ፦ ከመድኃኒት በፊት ቴርሞሜትር

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር ሳለሁ፣ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት የሜዲትራኒያን ኤሊ ነበረቻቸው። በብርዱ ወራት መብላት አቆመች፤ በአፍንጫዋም አረፋ ይታይ ጀመር። እኛ ስለ መድኃኒት ስንጨነቅ፣ የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ ያቀረበችልን የመጀመሪያ ጥያቄ «የተኛችበት ሣጥን ሙቀት ስንት ነው?» የሚል ነበር። ቀኑን ሙሉ በቤተ ሙከራ ሙቀት ስለካ የምውል የፊዚክስ ተማሪ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው መሠረታዊ ነው። አጥቢ እንስሳትና አእዋፍ ከምግብ በሚያገኙት ኃይል የሰውነታቸውን ሙቀት ይጠብቃሉ። ኤሊ፣ እንሽላሊትና እባብን የመሳሰሉ ተሳቢ እንስሳት ግን ሙቀትን በአብዛኛው የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው። በሰውነት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ሂደቶች፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግምት ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል። በመሆኑም በበረዳት ኤሊ ላይ የምግብ መፈጨት ብቻ ሳይሆን በሽታን የመከላከል አቅምም ይዳከማል። በ1975 እ.ኤ.አ. ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ በባክቴሪያ የተለከፉ የበረሃ እንሽላሊቶችን በተለያየ ሙቀት አቆይተው፣ ሞቅ ባለው ስፍራ የነበሩት በብዛት እንደተረፉ አሳይተዋል።

እንግዲህ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ በቤት ምን ማድረግ ይቻላል?

1. ሙቀት። የሚስማማው መጠን እንደ ዝርያው ይለያያል። ለሜዲትራኒያን ኤሊ ከሣጥኑ አንዱ ጥግ 30 ዲግሪ ያህል፣ ሌላው ጥግ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፤ እንስሳዋ ራሷ ትመርጣለች። አምፖሉ ከላይ ይንጠልጠል፤ ቴርሞሜትሩም በጀርባዋ ከፍታ ይቀመጥ። የአምፖሉ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የጨረሩ ብርታት በግምት አራት እጥፍ እንደሚሆን አይዘንጋ። የጋለ ድንጋይ ከሥሯ ማድረግ ያቃጥላታል።

2. ውሃ። ከአገጯ በታች በሚደርስ፣ 28 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቆየት የውሃ ጥማትን ያቃልላል። ራሷን ማቅናት ካልቻለች ግን ውሃ ውስጥ አትግባ። የበረዳትን ኤሊ በግድ መመገብም ጉዳት አለው፤ ያልተፈጨ ምግብ በሆዷ ይበላሻል።

3. ብርሃን። የቅርፊት መለስለስ ብዙ ጊዜ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 እጥረት ምልክት ነው። ቫይታሚኑን ለመሥራት የሚያስፈልገውን፣ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተራ የመስኮት መስታወት ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ስለዚህ በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ያሞቃታል እንጂ ለአጥንቷ አይበቃትም። ጥላ ባለበት ደጅ ትውጣ።

4. ጥንቃቄ። ለከብት የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን ሊገድል ይችላል። ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክም አይሰጥ። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ስለሚሸከሙ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የአፍንጫ አረፋ፣ መድማት ወይም ሲነኳት አለመንቀሳቀስ ከታየ ግን በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የእኛ ሣጥን ሲለካ 14 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ኤሊዋን አሙቀን በዚያው ቀን ወሰድናት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ቅጠል መብላት ጀመረች። ያዳናት የሐኪሟ መርፌ ነው፤ ሙቀቱ ግን መርፌው የሚሠራበትን ሰውነት አዘጋጅቶ ጠበቀው።