ግድግዳውን ሮቦት ቢሠራው ቤቱ ይረክሳል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳላስ ነው። በቅርቡ ከኦስቲን ወጣ ብላ በምትገኘው ጆርጅታውን በሮቦት የተገነባ መንደር ሄጄ ጎበኘሁ። ግድግዳው ሸንተረር ሸንተረር ያለ፣ ጠንካራና የሚያምር ነው። እኛ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አለን፤ ከአባላቱ ብዙዎቻችን ውጭ ነን። አንዳንዶቹ «ገንዘብ አዋጥተን ማሽኑን ገዝተን እናስገባ፤ ዲዛይኑን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል፣ ግንባታውን ሮቦቱ ይጨርሰዋል፣ ወጪያችን በግማሽ ይቀንሳል» ይላሉ። ምን ይመክሩናል?
አንባቢያችሁ፣ ከቴክሳስ

መልስ፦ ማሽኑን አይግዙ። ይህን የምለው ቴክኖሎጂውን ንቄ አይደለም፤ ማሽኑ የሚቆጥበው ወጪና እናንተን የሚያስጨንቃችሁ ወጪ ስለሚለያዩ ነው።

ያዩት መንደር ወልፍ ራንች ይባላል። አይከን የተባለው የኦስቲን ኩባንያ ከትልቁ ቤት ገንቢ ከሌናር ጋር ሆኖ 100 ቤቶች ያቆመበት ነው። ሮቦት ያሉት ስሪ-ዲ ፕሪንተር ከ13 ሜትር በላይ ስፋትና ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ክብደት አለው፤ የሲሚንቶ ድብልቁን እየገፋ በንብርብር ግድግዳ ያወጣል። የአንዱ ቤት ግድግዳ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። መሠረቱንና የብረት ጣሪያውን የሠሩት ግን ሰዎች ናቸው፣ በተለመደው መንገድ። ዋጋውንስ ጠይቀው ነበር? ከ450 ሺህ ተነሥቶ እስከ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነበር።

ሮቦት ገብቶ ለምን አልረከሰም? የአሜሪካ ቤት ገንቢዎች ብሔራዊ ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2024 ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ከአንድ አዲስ ቤት የሽያጭ ዋጋ ውስጥ ግንባታው ራሱ 64 በመቶ ገደማ ነው፤ የቀረው መሬት፣ ትርፍ፣ የብድር ወለድና የመሳሰለው ነው። ከግንባታው ወጪ ደግሞ ግድግዳውን፣ ወለሉንና የጣሪያውን እንጨት ያካተተው የቤቱ አጽም 17 በመቶ ገደማ ይይዛል። የውስጥ ማጠናቀቂያው ብቻ 24 በመቶ ይበላል። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያባዟቸው አጽሙ ከሽያጩ ዋጋ አሥራ አንድ በመቶ ያህል ነው። ማሽኑ ግድግዳውን በነጻ ቢሠራልዎት እንኳ የሚያተርፉት ከዚህ ያነሰ ነው። «በግማሽ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የግድግዳውን ወጪ የቤቱ ወጪ አድርጎ ከመቁጠር ይመጣል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ሒሳቡ ይብሳል። ቴክሳስ ላይ አናጺና ግንበኛ ውድ ነው፣ በቀላሉም አይገኝም፤ ሮቦቱ የሚተካው እነሱን ነው። እኛ ጋ ግን የቀን ሠራተኛውና የግንበኛው ክፍያ ከወጪው ቀላሉ ነው። የሚከብደው መሬቱ፣ ፌሮው፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና ሴራሚኩ ነው፤ ብዙው በውጭ ምንዛሪ ይገባል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ሸክም ምን ያህል እንደከበደ ለማኅበር አባል አልነግርም። ማሽኑን ሲያስገቡ ደግሞ ርካሹን ጉልበት ትተው በዶላር የሚመጣ ፓምፕ፣ መለዋወጫ፣ ማጠንከሪያ ኬሚካልና ባለሙያ ይገዛሉ። ድብልቁ ቱቦ ውስጥ ከደረቀ ሥራው ይቆማል፤ ግንበኛ ቢቀር ሌላ ይጠራል።

ሌላም አለ። ወልፍ ራንች ካሉት ቤቶች አንዳቸውም ባለ አንድ ፎቅ እንኳ አይደሉም፤ መሬት ላይ የተዘረጉ ናቸው። የእናንተ ማኅበር በሚያገኘው ቦታ ላይ አባላቱን ሁሉ ለማስገባት ወደ ላይ መውጣት የግድ ነው። ያኔ ሸክሙን የሚይዘው ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ፕሪንተሩ ፌሮ አያስርም። በንብርብሮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ደካማ ጎን ስለሆነ፣ የፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት አገር ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ማሽኑ የሚያዋጣበት ቦታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ማላዊ ውስጥ በሳሊማ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ በ18 ሰዓት ታትሟል። ኬንያ ኪሊፊ ላይ 52 ቤቶች ያሉት መንደር በዚሁ መንገድ ተጀምሯል። ሜክሲኮ ናካሁካ ውስጥም በቀን ሦስት ዶላር ገደማ ለሚያገኙ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 46 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ቤቶች ታትመዋል፤ ወጪውን የቻለው ግን በጎ አድራጎት ነው። ሰፊ ቦታ፣ ዝቅ ያለ ሕንፃና ተመሳሳይ ሥራ በብዛት ሲኖር ያምርበታል።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ግን ሐሳቤ ይለያል፤ እዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ አለ። አይከን እ.ኤ.አ. በ2024 ቪትሩቪየስ የተባለ ቤት የሚነድፍ ሥርዓት አስተዋውቋል። እናንተን የሚጠቅማችሁ ግን ከውብ ሥዕሉ ይልቅ አሰልቺው ሥራ ነው። ፌሮ በ12 ሜትር ይሸጣል፤ ፌራዮው እንደመጣለት ሲቆርጠው ቁራጩ ሜዳ ላይ ይከመራል። ኮምፒውተር ግን ከየትኛው ፌሮ የትኞቹ ርዝመቶች ቢቆረጡ ትርፍራፊው እንደሚያንስ ያሰላል። (እውነቱን ለመናገር ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመወራቱ በፊትም የነበረ ስሌት ነው፤ አሁን ርካሽ ሆነ እንጂ።) ከፕላኑ ላይ የብሎኬቱንና የአርማታውን መጠን መልቀም፣ ከተቋራጩ የክፍያ ጥያቄ ጋር ማመሳከር፣ ከሳይት የሚላኩ ፎቶዎችን ከመርሐ ግብሩ ጋር ማስተያየትም አለ። ዳላስ ሆኖ ገንዘብ ለሚልክ አባል ይህ ቁጥጥር ከየትኛውም ሮቦት ይበልጥበታል። ሆኖም የሚያወጣውን ቁጥር ሁሉ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አይቶ ይፈርምበት፤ መሣሪያዎቹ የአሜሪካን ሕግና መለኪያ ከእኛው የግንባታ ደረጃ ጋር ይቀላቅላሉ።

በማሽን ግንባታን እንለውጣለን ብሎ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሰበሰበው ካቴራ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 መክሰሩንም ለአባላቱ ያንብቡላቸው። የኛ ኮንዶሚኒየም ዋጋ የቀነሰው በሌላ መንገድ ነበር፤ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ጋር በተሠራው ሥራ፣ ቀድሞ ተጥሎ የሚገጠም ቢምና ባዶ ብሎኬት ለሶሌታ በመጠቀም የፎርምወርኩን እንጨት በመቀነስ።

ስለዚህ ለማሽን ያሰባችሁትን ገንዘብ ጥቂቱን ለአንድ ጥሩ የስትራክቸር መሐንዲስና ለገለልተኛ ተቆጣጣሪ አውሉት። ፕሪንተር ሻጭ ከደወለላችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ከአራት ፎቅ በላይ የታተመ ሕንፃ የት አለህ? በኢትዮጵያ አሸዋና ሲሚንቶ የተሠራ የጥንካሬ ፈተና ውጤትህ የት ነው? የቤቱ እንጂ የግድግዳው ያልሆነ ዋጋ በካሬ ሜትር ስንት ነው? መልሱ ሲመጣ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።