ሥዕላዊ ድርሰት፦ የጣና ዳር አእዋፍ በካሜራና በቃል

ሥዕላዊ ድርሰት ጸሐፊው ያየውን ነገር ለአንባቢው ዓይን የሚያቀርብበት የድርሰት ዓይነት ነው። ተማሪዎች ይህን ድርሰት ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ቃል አጥሯቸው አይደለም፤ ነገሩን አስተውለው ሳያዩ ስለሚጽፉ ነው። «በሐይቁ ዳር የሚያማምሩ ወፎች ነበሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ወፎቹ ስንት ናቸው? ቀለማቸው፣ ምንቃራቸው፣ አረማመዳቸውስ ምን ይመስላል? «የሚያማምሩ» የሚለው ቅጽል የጸሐፊውን ስሜት እንጂ የወፎቹን መልክ አይነግረንም። በዚህ ረገድ ፎቶግራፍ አንሺ ከጸሐፊ ይሻላል፤ ካሜራ ፊት ለፊቱ የሌለውን ነገር ሊያነሣ አይችልምና።

ቀጥሎ ያለው ምንባብ ከነፋስ መውጫ ወደ ጣና ዳር የወረደ ፎቶግራፍ አንሺ እንደ ጻፈው ሆኖ የተዘጋጀ ነው። በጥሞና አንብቡት።

ምንባብ

የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከዚህ ተራራ የሚፈልቁት ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው የፎገራን ሜዳ ካጠጡ በኋላ ጣና ይገባሉ። በስማዳ በኩል ያለው ውሃ ግን ፊቱን አዙሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። እኔም የርብንና የጉማራን አቅጣጫ ይዤ፣ በየካቲት መጨረሻ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ገባሁ፤ በማግስቱም ጎሕ ሳይቀድ ከሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ደረስሁ። የቸኮልሁበት ምክንያት ነበረኝ። የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ ወደ እኛ የሚመጡት ወፎች ወደ መራቢያቸው የሚመለሱት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው።

ፀሐይ ከኋላዬ፣ ሐይቁ ከፊቴ ነበር። ለፎቶግራፍ ከዚህ የተሻለ አቋቋም የለም። ከደንገሉ አጠገብ የዳክዬ መንጋ ተኝቷል። ገና ጎሕ ሲቀድ ሁሉም ዳክዬ ጥቁር ነው፤ ብርሃኑ እየበረታ ሲሄድ ግን ተለያዩ። አንዱ ዓይነት ምንቃሩ እንደ አካፋ ጫፉ ላይ የሰፋ ነው። ወንዱ ራሱ አብረቅራቂ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ ቀይ ዳማ ሲሆን፣ ምንቃሩን በውሃው ላይ አጋድሞ እያጠለለ ይበላል። ሌላው አንገተ ረጅም ነው፤ ጅራቱ እንደ ወስፌ ሾሏል፤ ከነጭ ደረቱ የተነሣ ቀጭን መስመር በአንገቱ ግራና ቀኝ እስከ ቡናማ ራሱ ይወጣል።

ዐሥር እርምጃ ብቻ ልቅረብ ብዬ ተነሣሁ። መንጋው በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ያገኘሁት ፎቶግራፍ የጅራትና የውሃ ፍንጣቂ ሆነ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። እነዚህ ወፎች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መብረር ይጠብቃቸዋል፤ ለጉዞው ስንቅ የሚሆናቸውን ስብ የሚያጠራቅሙት በእነዚሁ ሳምንታት በሚበሉት ምግብ ነው። እኔ ግን ለአንድ ሥዕል ስል ከቁርሳቸው አስነሣኋቸው። ከዚያ በኋላ ጭቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ካሜራዬን ከውሃው እኩል አድርጌ ከአንድ ሰዓት በላይ አልተንቀሳቀስሁም።

ትዕግሥቴን የካሱኝ ብዙዎቻችን «የባሕር ወፍ» ብለን የምናልፋቸው፣ ክንፋቸው ረጅምና ግራጫ፣ እግራቸውና ምንቃራቸው ቀይ የሆኑ ወፎች ናቸው። በጥር ወር አንሥቼው በነበረው ፎቶግራፍ የዚህ ወፍ ራስ ነጭ ነው፤ ከዓይኑ ኋላ ብቻ ጥቁር ነጥብ አለው። አሁን ግን ግማሾቹ ጥቁር ቡናማ ቆብ አጥልቀዋል፤ የመራቢያቸው ወራት ስለ ቀረበ ላባቸውን እየለወጡ ነው። ቀኑን በፎቶግራፉ ጀርባ ባልጽፍ ኖሮ ሁለት የተለያዩ ወፎች ይመስሉኝ ነበር። ወፉ ሲበር ሳይደበዝዝ ለማንሣት የካሜራው መዝጊያ ከሰከንድ 1,000ኛ እጅ በላይ ተከፍቶ መቆየት የለበትም።

ፀሐይ ከፍ ስትል የነጭ ላባ ዝርዝር ጠፋ። ካሜራዬን ላስገባ ስል ከብቶች ለመጠጣት ወረዱ። በእግራቸው መካከል ሆዷ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ ወፍ ትሮጣለች፤ ጅራቷን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ከብቶቹ ያስነሡትን ዝንብ ዘለል ብላ ትለቅማለች። ላሟም ወፏም እኔን ከምንም አልቆጠሩኝም።

ከቀትር በኋላ ሸሸርና ወላላ ወደሚባሉት የፎገራ ረግረጎች ሄድሁ። እነዚህ ቦታዎች በክረምት ከወንዝ ሙላት ውሃ ይይዛሉ። ውሃው በሞተር እየተሳበ፣ ዳሩም እየታረሰ ከቀድሞው እጅግ ጠበዋል። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋር ተመዝግቧል። ገበሬው ግን ልጆቹን የሚመግበው ከዚሁ መሬት ነው፤ በእርሱ ላይ ካሜራ ደቅኖ ለመፍረድ አልደፈርሁም። እግረ ረጃጅሞቹ ግራጫ ወፎች በቃርሚያው ውስጥ የወደቀ እህል እየለቀሙ፣ ኩሬው ደግሞ ከኋላቸው እንደ ተጣለ ነጠላ ጠቦ የሚታይበትን አንድ ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ቀኑንና የቦታውንም ስም ጻፍሁበት።

ማስተዋል የሚገባን ነገር

ጸሐፊው «ያምራል» የሚለውን ግሥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀመም። ይልቁንም አካፋን፣ ወስፌንና ነጠላን ከቤታችን አምጥቶ ላላየነው ነገር መመዘኛ አደረጋቸው። ግሦቹንም ተመልከቱ። «ዘለለች» ሲል ድርጊቱን ብቻ ይነግረናል፤ «ዘለል አለች» ሲል ዝላዩ ቀላልና አጭር መሆኑን፣ «ዝልል አለች» ቢል ግን በድንገትና በሙሉ ኃይል መሆኑን ያሳየናል። በ«አለ» የሚረዱ ግሦች ለሥዕላዊ ድርሰት የሚሰጡትን ጥቅም ብዙ ተማሪዎች ለጨዋታ ብቻ ይተዉታል፤ ይህ የሚያሳዝን ነው።

ስለ ወቅት ስትጽፉም ተጠንቀቁ። አደይ የሚፈነዳበትን መስከረምን «ጸደይ» ማለት ተለምዷል፤ በጥንቱ አቈጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ሲሆን፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው ወቅት መፀው ይባላል። የምንባቡ ወፎች የሚመለሱት የአውሮፓ ጸደይ ሲጀምር፣ እኛ ገና በበጋ ላይ ሳለን ነው።

መልመጃ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ቁራ አለ፤ በዓለም ላይ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ይህን ቁራ፣ ወይም በምትኖሩበት አካባቢ የሚገኝ ሌላ ወፍ፣ በአንድ ቦታ ተቀምጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የሌለው ደብተሩ ላይ ይንደፍ። ከዚያም «ቆንጆ»፣ «አስደናቂ» እና «ማራኪ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ፣ በ«አለ» የሚረዱ ቢያንስ ሦስት ግሦች አስገብታችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን በራስጌው ጠቅሳችሁ የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።