በክፉ መሣሪያ ስለሚሠራ መልካም ሥራ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ወዳጁን ሊያድን ተነሥቶ ወዳጁን ያጠፋል ቢሉህ፥ ነገሩ እንግዳ ይመስልሃል። ነገር ግን ከምታስበው ይልቅ የተለመደ ነው፤ የሚያደርገውም ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ይህን አስረዳህ ዘንድ ዛሬ ምሳሌዬን ከቴሌቪዥን ተረት እወስዳለሁ። ጌታችን የዐመፀኛውን መጋቢ ነገር እንኳ ለትምህርት ተጠቅሞበታልና በዚህ አትደነቅ። ከእናንተ ከተማሪዎች አንዳንዶቹ ይህን ተረት በስልካችሁ አይታችሁት ይሆናል። ያላየውም ሰው ትምህርቱን ለማግኘት ብሎ ሊፈልገው አያስፈልግም፤ የሚበቃውን ያህል እዚህ እነግረዋለሁ።

1. ተረቱ ከወዴት እንደ መጣ

ተረቱ ኮንስታንታይን ይባላል። በአሜሪካ አገር ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኦክቶበር 24 ቀን 2014 ጀምሮ፥ ዓርብ ዓርብ ማታ ያሳየው ነበር። በመጀመሪያው ማታ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አየው፤ ከዚያ በኋላ ግን የተመልካቹ ቁጥር እያነሰ ሄደ። ስለዚህ ድርጅቱ ከ13 ክፍል በላይ እንዳይሠራ አደረገ። 13ኛው ክፍል በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2015 ታየ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ተረቱ እንደማይቀጥል ተነገረ። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቀረ።

ሥሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። ፈረንጆች ኮሚክ የሚሉት፥ በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረክ መጽሐፍ አለ። ጆን ኮንስታንታይን የተባለው ሰው በ1985 ዲ.ሲ. የተባለው አሳታሚ ባወጣው ስዋምፕ ቲንግ በሚባል ኮሚክ ውስጥ ተፈጠረ፤ የጻፈው እንግሊዛዊው አለን ሙር ነው፤ ከሥዕሉ ሠሪዎችም ስቲቨን ቢሴት እና ጆን ቶትልበን ይቈጠራሉ። በ1988 ሄልብሌዘር የሚባል የራሱ መጽሐፍ ወጣለት፤ ይህም እስከ 2013 ድረስ 300 ቍጥር ታተመ። በ2005 ደግሞ ኪአኑ ሪቭስ የተባለው ተዋናይ የሠራው ሲኒማ ወጣ። በቴሌቪዥኑ ተረት ግን ኮንስታንታይንን ሆኖ የሠራው የዌልስ ተወላጅ የሆነው ማት ራየን ነው።

ይህ ኮንስታንታይን በኮሚክ መጻሕፍት እንዳሉት እንደ ሌሎቹ ጀግኖች አይደለም። አይበርም፤ ብረት አያጣምምም፤ ጥይት ይገድለዋል። የቈሸሸ ካፖርት ለብሶ ሲጃራ ይዞ የሚዞር፥ አጋንንትን የማስወጣት ድግምት የተማረ ሰው ነው። ኀይሉ ሁሉ በዕውቀቱና በማታለሉ ነው። የሚሠራው ሥራ መልካም ነው፤ የሚሠራበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ትምህርታችን በዚህ ነው።

2. ስለ ኒውካስሏ ልጅ

ተረቱ የሚጀምረው በእንግሊዝ አገር በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። ኮንስታንታይን ወደዚያ የገባው ማንም አስገድዶት ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ያደረገውን ሊረሳ ፈልጓልና። ያደረገውም ይህ ነው። በኒውካስል ከተማ አስትራ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ ጋኔን ይዟት ነበር። እርሱም ሊያድናት ከልቡ ፈለገ። ነገር ግን ያን ጋኔን ያስወጣ ዘንድ ከእርሱ የሚበረታ ሌላ ጋኔን ጠራ። የበረታው ደካማውን አሸነፈ፤ ልጅቱንም ይዞ ወደ ሲኦል ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኮንስታንታይን ነፍስ ራሷ የሲኦል ዕዳ ሆነች።

አባቶቻችን ከድጡ ወደ ማጡ ያሉት ይህን የመሰለውን ነው። እንግዲህ ስሕተቱ ወዴት ላይ ነበር? ፍቅሩ ሐሰት አልነበረም፤ ልጅቱም በእውነት ተጨንቃ ነበር፤ ጊዜውም አጭር ነበር። ስሕተቱ፥ መሣሪያ ብሎ የጠራው ነገር የራሱ ፈቃድ እንዳለው መርሳቱ ነው። መጥረቢያ እንጨቱን ከቈረጠ በኋላ ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል፤ ክፋት ግን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ዋጋውን ይጠይቃል። ዋጋውንም የሚቀበለው ከጠራው ሰው ብቻ አይደለም፤ በአጠገብ ከቆመው ከደካማው ይጀምራል።

በመጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ያለ ሰው አለ። ንጉሥ ሳኦል መናፍስት ጠሪዎችን ከአገሩ ያስወጣ እርሱ ራሱ ነበር፤ በጨነቀው ጊዜ ግን ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶሯ ሴት ሄደ። በማግሥቱም በጊልቦዓ ተራራ እርሱ ብቻ አልወደቀም፤ ልጆቹም ከእርሱ ጋር ወደቁ።

3. ስለ ጠርሙሱና ስለ ወዳጁ

በኖቬምበር 2014 የታየው 4ኛው ክፍል ይህንኑ ነገር በሌላ መልክ ያሳያል። ጋሪ ሌስተር የሚባል ሰው አለ፤ በኒውካስል ከኮንስታንታይን ጋር ከነበሩት ጓደኞቹ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጸጸቱን ለማስታገስ ብሎ የሚያሰክር መድኀኒት ባርያ ሆነ። ይህ ሰው በጎረቤታችን በሱዳን አንድ ጋኔን የታሰረበት ጎልማሳ አገኘና አዘነለት፤ ጋኔኑንም አውጥቶ በጠርሙስ ዘጋው። የረኀብ ጋኔን ነበር፤ የያዘው ሰው እስኪሞት ድረስ ይበላል እንጂ አይጠግብም። ጋሪ ጠርሙሱን ይዞ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ጋኔኑም በዚያ አመለጠ፤ ሰዎችም ሞቱ። አየህን? የጋሪም ሐሳብ መልካም ነበር።

ጋኔኑ በሕያው ሰው አካል ካልታሰረ በቀር እንደማይያዝ በታወቀ ጊዜ፥ ኮንስታንታይን ጋሪን መረጠው። ነገሩን ሁሉ ገልጦ አልነገረውም፤ ልረዳህ እወዳለሁ ያለውን ይህን ምስኪን ሰው እየመራ ወደ ስፍራው ወሰደው። ጋሪ በመጨረሻ ነገሩን ተረዳና እሺ አለ። ኮንስታንታይንም በስቃዩ ጊዜ እጁን ይዞ እስኪሞት ድረስ ከአጠገቡ አልተለየም። ከተማው ዳነ።

ተመልካቹ በዚህ ያለቅሳል፤ እኔም ልቤ ተነክቷል። ነገር ግን እንባችን ፍርዳችንን እንዳያጠፋው እንጠንቀቅ። ሰው ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ቢሰጥ ታላቅ ፍቅር ነው። የወዳጁን ነፍስ ስለ ሌሎች ቢሰጥ ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙም ፍቅር አይደለም። የሁለቱን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ከዚህ ተረት ሊያገኘው የሚገባውን አግኝቷል።

4. ስለ ሲጃራውና ስለ ዕዳው

በኮሚኩ መጽሐፍ ኮንስታንታይን ሲጃራ ከአፉ አይለይም። የቴሌቪዥኑ ድርጅት ግን በዚህ ተጠነቀቀ፤ ስለዚህ በተረቱ መጀመሪያ ክፍሎች ሲጃራውን ሲያጠፋው ወይም በእጁ ይዞት እንጂ ሲያጨስ እምብዛም አይታይም። ጥንቃቄው መልካም ነው። ነገር ግን ልብ በል፤ ጭሱ ተደበቀ፥ ጓደኞቹን እንደ ክብሪት እየጫረ መጣሉ ግን በግልጥ ታየ።

እኛም እንዲሁ ነን። ከአንደበታችን ስድብ እንዳይወጣ፥ ከእጃችን ብርሌ እንዳይታይ እንጠነቀቃለን፤ ይህም ይገባል። ወዳጃችንን ሳናስታውቀው ለጉዳያችን ማሰለፋችንን ግን ብልኀት እንለዋለን።

ይህን የምጽፈው ከፍ ብዬ ቆሜ አይደለም። በ25 ዓመቴ ታናሽ ወንድሜ ታመመብኝ፤ ለሕክምናው ገንዘብ ተበደርሁ፤ አብሮኝ የተማረውንም ወዳጄን ዋስ አደረግሁት። የምከፍልበት መንገድ እንደሌለኝ ዐውቅ ነበር፤ ለእርሱ ግን አልነገርሁትም። ለወንድሜ ሕይወት ነው ብዬ ሕሊናዬን ዝም አሰኘሁት። ወንድሜ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የወዳጄ ደመወዝ ግን 11 ወር ሙሉ ተቈረጠ፤ በዚያም ዓመት ሊያገባ ያሰበውን ሠርግ አዘገየ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እኔም ስለማይወቅሰኝ ይቅር ያለኝ መስሎኝ 3 ዓመት ሸሸሁት። በመጨረሻ ሄጄ ሁሉን ስነግረው እንዲህ አለኝ፦ «ብትነግረኝ ኖሮ ዐውቄ እፈርምልህ ነበር። የጐዳኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሳትጠይቀኝ መውሰድህ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ከወዳጄ የወሰድሁበት ደመወዙን ብቻ ሳይሆን፥ በፈቃዱ የመስጠትን ክብር ነበር።

5. ዕዳው እንዳልተሰረዘ

የቴሌቪዥኑ ተረት በ13ኛው ክፍል ቢቋረጥም የኒውካስሏ ልጅ ነገር አልተቋረጠም። ማት ራየን በኖቬምበር 2015 አሮው በሚባል ሌላ ተከታታይ ተረት ውስጥ ያንኑ ሰው ሆኖ ታየ፤ ከዚያም ሌጀንድስ ኦቭ ቱሞሮው በሚባለው እስከ 2021 ድረስ ሠራ። በ2020 በታዩት ክፍሎች አስትራ በሲኦል አድጋ፥ ሴት ሆና፥ ቂም ይዛ ትመጣበታለች። ደራሲዎቹ አንዱን ተረት ትተው ሌላውን ሲይዙ ዕዳው ተከትሏቸው ሄደ። በእውነተኛው ኑሮም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ሰው ከተማ ይለውጣል፥ ሥራ ይለውጣል፥ ያልከፈለው ዕዳ ግን መንገዱን አያጣም።

ሌላም አለ። በተረቱ ውስጥ ማኒ የሚባል መልአክ ለኮንስታንታይን እየተገለጠ፥ የሚነሣውን ጨለማ እንዲዋጋ ያዝዘው ነበር። በመጨረሻው ክፍል መጨረሻ ግን ያን ጨለማ የሚያስነሣው ራሱ ማኒ እንደ ነበረ ይገለጣል። ተረቱም በዚያ ቆመ፤ ኮንስታንታይን ይህን ሳያውቅ ቀረ። ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንደሚመስል ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት አስጠንቅቋል። ለመልካም ነገር ክፉውን መንገድ የለመደ ሰው፥ የሚልከው ማን እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ

ወዳጄ ሆይ፥ መልካም ሐሳብ ብቻውን አይበቃም። መልካም ነገር እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚለውን ሐሳብ ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ አጥብቆ ነቅፎታል። ስለዚህ ጭንቅ በያዘህ ጊዜ እነዚህን ሦስት ነገሮች ራስህን ጠይቅ።

1ኛ፥ የምጠራው ረዳት፥ ሐሰት ቢሆን ወይም ጠንቋይ ወይም ጉቦ፥ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከቤቴ ይወጣልን?

2ኛ፥ የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ በአጠገቤ የቆመው?

3ኛ፥ ሌላ ሰው የሚከፍል ከሆነ፥ ነገሩን ሁሉ ገልጬ ነግሬዋለሁን? እምቢ ለማለትስ መንገድ ትቼለታለሁን?

ምናልባት ይህን ስታነብ አንድ ሰው በልብህ መጥቶ ይሆናል። ስሙን ታውቀዋለህ፤ ቤቱንም ታውቀዋለህ። ኮንስታንታይን ሊረሳ ፈልጎ ወደ ሆስፒታል ገባ፥ አልረሳም። አንተ ግን ለመርሳት አትድከም፤ ተነሥተህ ወደዚያ ሰው ሂድ፥ የወሰድህበትንም በስሙ ጠርተህ ንገረው። እኔ 3 ዓመት ዘገየሁ፤ አንተ እስከ ነገ አትዘግይ።