ኮምፒዩተራችን በተበላሸ ጊዜ ያደረግነውና ማድረግ የነበረብን

ባለፈው ክረምት ይህች መጽሔታችን ሁለት ወር ሙሉ ሳትወጣ መቅረቷን አይታችኋል። «ሰነፉ» ያላችሁን አልጠፋችሁም፤ በእርግጥ ጥቂት ስንፍናም ነበረብን። ዋናው ምክንያት ግን መጽሔቷ የምትጻፍበት ኮምፒዩተር መበላሸቱ ነው። እንዴት እንደተበላሸ፣ እኛም በየትኛው ላይ ተሳስተን የትኛውን እንዳዳንን በዚህ ዕትም እንጽፋለን። ብዙዎቻችሁ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በልብስ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስላየን ነገሩ ይመለከታችኋል።

ኮምፒዩተሩ የአንዲት የክፍላችን እኅት ቤተሰብ ነው። አባቷ በሕይወት ሳሉ ገዝተውት ለብዙ ዓመታት በካዛንቺሱ ቤታቸው ኖሯል። (ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ድርጅት መጠሪያ የመጣ ነው። የእርሳቸው ቤት ግን ከዚያ ወዲህ የተሠራ የጭቃ ቤት ነበር።) በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲነሣ ቤቱ ፈረሰ፤ ቤተሰቡም ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ኮምፒዩተሩን እኛ እንድንሠራበት ብለው ቂርቆስ ከአንዳችን ቤት አስቀመጡልን።

በውስጡ የሦስት ዓመት ጽሑፎቻችን ነበሩ። ከዚህ የሚበልጠውን ያወቅነው ግን ከተበላሸ በኋላ ነው። የፈረሰው ቤት ፎቶግራፎች በሙሉ፣ አባትየው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የተነሡትም ጭምር፣ ያሉት በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። እናትየው በስልክ ሲነገራቸው ስለ ማሽኑ አንድም ቃል አልጠየቁም። «ልጆቼ፣ የአባቷ ፎቶ አለ ወይ?» ነው ያሉት። እኛም ሳናውቅ «አለ፣ እማማ» ብለን መለስን።

ብልሽቱ የደረሰው በአንድ ምሽት ነው። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ «ጧ» አለና የተቃጠለ ነገር ሸተተን። በአገራችን ለቤት የሚመጣው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ጠፍቶ ሲመለስ ግን ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል። እኛ የሰካነው በተራ ዲቫይደር ላይ ነበር። ተራ ዲቫይደር ያከፋፍላል እንጂ አይከላከልም። ስታብላይዘር ቢኖረን፣ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ገመዱን ነቅለን ተመልሶ እስኪረጋ ብንጠብቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

በማግሥቱ ወደ አንድ ጥገና ቤት ተሸክመን ሄድን። ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ አዲስ ግዙ፤ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ እመልስላችኋለሁ» አለን። ፎርማት ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን እንደ ባዶ ቆጥሮ እንደገና ማዘጋጀት ማለት ነው። ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚያጠና ወንድም ስላለ «ቆይ፣ እኛው እንየው» አለና ተሸክመን ተመለስን። በዚህስ አልተሳሳትንም።

መመርመር የጀመርነው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። የስልክ ቻርጀር በዚያው ሶኬት ላይ ስንሰካ ሠራ፤ ስለዚህ ግድግዳው ደኅና ነው። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ይኸውም ከግድግዳው የመጣውን ኃይል ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ ለየክፍሉ የሚያድል ሣጥን ነው። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በ115 ላይ ሊቀር ስለሚችል አገራችን ገብቶ ሳይሰካ በፊት መታየት አለበት። የእኛ በትክክለኛው ላይ ነበር፤ ሽታው የሚወጣው ግን ከዚያው ሣጥን ነው። ሣጥኑን ራሱን አትክፈቱ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። መሿለኪያ ከሚኖር ወንድም ከማይሠራ ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ፈትተን ቀየርነው። ማራገቢያው ዞረ። ማዘርቦርዱ አልተቃጠለም ነበር።

ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ማሽኑ እየደጋገመ «ጢጥ» ይላል። ይህ ድምፅ ምልክት ነው፤ ትርጉሙም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በእኛ ላይ ግን የራም ችግር ሆኖ ተገኘ። በካዛንቺስ ሰፈሩ ሲፈርስ የነበረው አቧራ ውስጡን ሞልቶታል። ገመዱን ነቅለን፣ በእጃችን ያለው የማይታይ ኃይል እንዲወጣ መጀመሪያ የቆርቆሮ አካሉን ነክተን፣ ራሙን አወጣንና ወርቃማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ አሸት አሸት አድርገን መለስነው። ስክሪኑ በራ! ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር፤ ለዚህም ተጠያቂዋ ሰዓቱን የምትጠብቀው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ናት። እርሷንም ቀየርን።

እንግዲህ ደስታችን እዚህ ላይ ስሕተት አሠራን። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። እኛም «አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል» እያልን ስድስት ጊዜ ያህል አጥፍተን አበራነው። አንዱ ስልክ ደውሎ «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት» የሚል ምክር እንኳ አመጣልን። (ይህን አለማድረጋችን በጀን፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ጤዛ ይይዛልና።) በእንዲህ ያለ ዲስክ ውስጥ መረጃው የተጻፈባቸው ሳሕኖች ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚያነበው ራስ ሳሕኑን አይነካም፤ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ባነሰ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። ራሱ ሲታመም ሳሕኑን ሊፍቅ ይችላል፤ የተፋቀውንም ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ድምፅ ስትሰሙ አጥፉት፤ ደግማችሁም አታብሩት። ዊንዶውስ «ዲስኩን ልጠግን» ሲላችሁም እሺ አትበሉ፤ መጠገን ሲል በታመመው ላይ ይጽፋል፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን ማንበብ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሁላችንም ከማሽኑ ላይ እጃችንን አንሥተን ዲስኩን አወጣነው። በማገናኛ ገመድ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር አያያዝነው፤ ላፕቶፑን በፍላሽ ላይ ከተጫነ ሊኑክስ አስነሥተን ዲዲሬስኪዩ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አሠራን። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ደኅናውን ክፍል በፍጥነት ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ የታመመውን ዘሎ ያልፍና ሌላው ሁሉ ከተረፈ በኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትን ቦታ በአንድ ፋይል ላይ ስለሚመዘግብ ሥራው ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። በቂርቆስ የዚህን ጥቅም ለማየት ብዙ አልጠበቅንም፤ በመጀመሪያዋ ሌሊት ብቻ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም ዲስኩ የራሱ 12 ቮልት ስለሚያስፈልገው ቀጥ አለ። መብራቱ ሲመጣ ግን ከ«ሀ» ሳንጀምር ቀጠልን። በሦስተኛው ቀን ጧት ማንበቡን ጨረሰ።

ከቅጂው ላይ ፋይሎቹን ስንከፍት የመጽሔታችን የቆዩ ጽሑፎች ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ታዩንና ደነገጥን። እነርሱ ግን አልተበላሹም ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ነገር ግን በድሮው አሠራር፣ የአማርኛን ፊደል በላቲን ቦታ እየተኩ የሚጽፉ ፎንቶች ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት አገልግለዋል። የድሮውን ፎንት ስንጭን ጽሑፉ ተነበበ፤ አሁን ወደ ዩኒኮድ እያዛወርነው ነው።

ከፎቶግራፎቹ አብዛኞቹ ወጡ። ጥቂቶቹ ግማሻቸው ግራጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ከእነዚህም አንዱ የበረንዳው ነው። አባትየው ከወገባቸው በላይ በደንብ ይታያሉ፤ ወንበሩና የበረንዳው ደረጃ የሉም። ዲስኩን ስድስት ጊዜ ባናበራው ኖሮ ይተርፍ እንደ ነበር በእርግጥ መናገር አንችልም፤ ጥያቄው ግን ከመካከላችን ከማንም ልብ አልወጣም። ገላን ጉራ ድረስ ሄደን ለእናትየው ስናሳያቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ፊቱ አለ» አሉ። እኛ ቡናውን እስክንጠጣ ድረስም ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

አሁን ቅጂው በሦስት ቦታ ነው፦ አንዱ ገላን ጉራ ከእርሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ቂርቆስ፣ አንዱም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ። በሚቀጥለው እሑድ ከትምህርት በኋላ ላፕቶፑና ማገናኛ ገመዱ በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ይኖራሉ። የተበላሸ ዲስክ ያላችሁ ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ሳታበሩት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት፤ ባዶ ዲስክ ወይም ፍላሽም አብራችሁ ያዙ።